በግራ ዓይኔ መስሎኝ ነበር

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስህተቱም የሚጀምረው ከእኔ ነው።

አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ እያነበብኩ የማየው ቃል የፊት ፊደሉ ጠፋብኝ። ሳላውቅ ሰረዝኩት እንዴ ብዬ ዓይኔን ወደዚያ ሳዞር ፊደሉ ቁጭ ብሏል። አሁን ደግሞ ከእሱ በስተግራ ያለው የለም። ትንሽ ቆይቶ በጠፋው ቦታ የሚብለጨለጭ ነገር መጣ። እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የሚርገበገብ ቅስት። ቀስ እያለ ወደ ግራ ሰፋ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከእይታዬ ጠርዝ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ራስ ምታቱ ተከተለ።

ማይግሬን መሆኑን ሐኪም ነግሮኛል። ጥያቄዬ እሱ አልነበረም። የግራ ዓይኔን በመዳፌ ስሸፍነው መጋዙ አልጠፋም። ቀኙን ስሸፍንም አልጠፋም። ሁለቱንም ስጨፍን እንኳ ጨለማው ውስጥ እዚያው በግራ በኩል ይርገበገባል። ታዲያ ግራ ዓይኔ ሲሸፈን ለምን አይሄድም? ርዕሱን «የግራ ዓይኔ ምን ሆነ?» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ርዕሱ እስካሁን አልተቀየረም። አወያዩ ለትምህርት ይሁን ብሎ ተወው።

31 መልስ መጣ። ሁሉም እኩል አይደለም፤ እኔም እኩል አልነግራችሁም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1፦ በጣም ትሁት ሰው ነው። እንኳን ተሻለህ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ትምህርት ቤት የተማረውን አስቀመጠ። የግራ ዓይን ያየው ሁሉ ወደ ቀኙ አንጎል፣ የቀኝ ዓይን ያየው ወደ ግራው ይሄዳል፤ እጅና እግር ከተቃራኒው ግማሽ እንደሚታዘዙት ሁሉ። ስለዚህ ችግሩ ግራ ዓይኔ ውስጥ ነው። ስሸፍነው አልጠፋም ያልኩት ምናልባት መዳፌ በደንብ ስላልገጠመ ይሆናል አለ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። እኔም አንዱ ነኝ።

መልስ 2፦ ላይኩን ሁሉ አስመለሰችው። የዓይን ምርመራ ላይ የምትሠራ ሴት ናት። ነገሩ የዓይን ሳይሆን የእይታ መስክ ነው አለች። ፊት ለፊት አንድ ነጥብ ላይ ዓይናችሁን ብትተክሉ ከነጥቡ በስተግራ ያለውን ዓለም ሁለቱም ዓይኖች ያዩታል። ሌንስ ምስሉን ስለሚገለብጠው ከግራ የመጣው ብርሃን በሁለቱም ሬቲናዎች (በዓይን ውስጥ ከኋላ ብርሃን የሚቀበሉት ሽፋኖች) ቀኝ ግማሽ ላይ ያርፋል። ይህ ቀኝ ግማሽ በግራ ዓይን ሲሆን በአፍንጫ በኩል ነው፣ በቀኝ ዓይን ሲሆን ደግሞ በጆሮ በኩል። ከአፍንጫ በኩል የሚነሱት የነርቭ ክሮች ከዓይን ጀርባ ባለው መስቀለኛ ላይ ይሻገራሉ። ከጆሮ በኩል የሚነሱት ሳይሻገሩ በመጡበት ጎን ይቀጥላሉ። ውጤቱ ሁለቱም ዓይኖች ስለ ግራው ዓለም ያላቸው ወሬ ቀኝ አንጎል ላይ ይገናኛል። መንገዱ አንጎል መሐል ባለው ማስተላለፊያ፣ ታላመስ ላይ ቆም ብሎ መጨረሻው ከማጅራት በላይ፣ ከራስ ቅል ኋላ ነው።

ስለዚህ የእኔ መጋዝ ዓይኔ ውስጥ አልነበረም። ከራሴ ኋላ፣ በቀኝ በኩል ነበር። በመዳፍ የማይሸፈነውም ለዚህ ነው። ይህን ሳነብ ሳላስበው እጄን ሰድጄ ከኋላ ራሴን ዳሰስኩት። ምን ልዳስስ እንደፈለግኩ እንጃ።

መልስ 3፦ ሥዕል ይለጠፍ አለ። ሥዕሉ ተለጠፈ፣ ማንም አልገባውም።

መልስ 4፦ ሥዕሉን ትታችሁ ገመድ አስቡ አለ። ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ገመድ ይወጣል። ገመዱ ከቀይና ከሰማያዊ ክር የተገመደ ነው፤ ሰማያዊው የግራውን ዓለም ይዟል፣ ቀዩ የቀኙን። መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ገመዶች ይፈታሉ። ሰማያዊው ሁሉ ወደ ቀኝ አንጎል፣ ቀዩ ሁሉ ወደ ግራ። የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

መልስ 5፦ የነርቭ ክሮቹ በከፊል ብቻ ይሻገራሉ የሚለውን ሐሳብ አይዛክ ኒውተን በ1704 ስለ ብርሃን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በጥያቄ መልክ አስቀምጦት ነበር ብሎ አለፈ። ኒውተን ደግሞ የማይገባበት የለም።

መልስ 6፦ እዚህ ጋ ነገሩ መረር አለ። መልስ 1 ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም አለ፤ በወፎች ላይ የዓይን ነርቭ ክሮች በሙሉ ይሻገራሉ። ስለዚህ ጠያቂው ርግብ ከሆነ መልሱ ልክ ነው። ከላይኩ ብዛት ሰዉ ሙድ ሊይዝበት ተዘጋጅቶ የነበረ ይመስላል።

መልስ 7፦ መልስ 1 አኩርፎ ተመለሰ። የተማርኩትን ነው የተናገርኩት፣ በቀና ልብ የመጣን ሰው እንስሳ ማድረግ ምን ይሉታል አለ።

መልስ 8፦ መልስ 2 ገላጋይ ሆና ገባች። ርግቡን ከስድብ ወደ ቁም ነገር መለሰችው። ጥንቸልን ውሰዱ አለች። ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ እያንዳንዱ ዓይን የሚያየው የየራሱን ወገን ዓለም ነው። ስለዚህ ክሮቹ በአብዛኛው ይሻገራሉ። ዓይኖች ወደ ፊት እየዞሩ፣ ሁለቱ የሚያዩት እየተደራረበ ሲመጣ የሚሻገረው እያነሰ ይሄዳል። ሰው ላይ ግማሽ ገደማ ነው። የርቀት ስሜታችንም የሚጠቀመው ከዚህ ነው። ከሁለት ዓይን የመጣ የአንድ ቦታ ምስል ጎን ለጎን ካልተቀመጠ ምን ከምን ይነጻጸራል? እኔ እንደሚመስለኝ የመልስ 1 አስተማሪ ሐሰት አላስተማረም። የሌላ ፍጥረት እውነት ነው ያስተማረው።

መልስ 9፦ ክሩ ላይ ረጅሙ ጽሑፍ ነው፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው አባቱ ስትሮክ መትቷቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ምልክት ሽባነት ወይም የንግግር መያዝ አልነበረም። አባቱ ግራ ዓይኔ ጠፋ፣ መነጽሬ ይለወጥልኝ እያሉ ነው የጀመሩት። ቤተሰቡም አምኖ መነጽር ሊያሠራላቸው ወሰዳቸው። ዓይናቸው ሲመረመር ሁለቱም ደህና ነው። ግን ሲገቡ የበሩን ግራ መቃን በትከሻቸው ገጭተውታል። መርማሪው አንዱን ዓይን አስሸፍኖ ጣቱን ከግራ ሲያንቀሳቅስ አላዩትም። ሌላውን አስሸፍኖ ደገመው፣ አሁንም አላዩትም። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ላካቸው። የጠፋው ግራ ዓይን ሳይሆን ግራው ዓለም ነበር፤ ከሁለቱም ዓይኖች እኩል የተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ትልቁ ጣጣቸው ሆነ። ፊደሉን ያውቁታል፤ ግን የመስመሩን መጀመሪያ አያገኙትም። ከመሐል ጀምረው ያነቡና ይህ ጽሑፍ ትርጉም የለውም ብለው ይናደዳሉ። ልጁ በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁልቁል ወፍራም መስመር እያሰመረ ይሰጣቸው ጀመር። ቀዩን እስኪያዩ ድረስ ራሳቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ፤ ከዚያ ያነባሉ። አሁን መስመሩን ራሳቸው ያሰምራሉ አለ። በመጨረሻ ድንገት ግማሽ ዓለም የጠፋበት ሰው ካጋጠማችሁ እንደኛ መነጽር ቤት አትዙሩ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 10፦ ለመልስ 9 ምሕረት ከተመኘ በኋላ የሚመሳሰል ግን የተለየ ነገር አመጣ። ቀኝ አንጎል ከላይ ወደ ጎን ሲጎዳ ሰውየው ግራውን አለማየት ብቻ ሳይሆን ግራ የሚባል ነገር መኖሩንም ሊተው ይችላል። የፊቱን ቀኝ ግማሽ ብቻ ይላጫል። ሰዓት ሣል ሲባል ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኝ በኩል ይደረድራል። ደግሞ ምንም የጎደለ አይመስለውም። በ1978 ቢዚያክና ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ያሳተሙትን ጠቀሰ። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ሚላን የሚገኘውን የካቴድራሉን አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ ተጠየቁ። በመጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ እንዳዞሩ አድርገው ሲያስቡ በቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ዘረዘሩ፤ የግራዎቹን ተዉ። ቀጥሎ በካቴድራሉ ደጃፍ ቆማችሁ በተቃራኒው ተመልከቱ ተባሉ። አሁን ቅድም የተዉአቸውን ሕንፃዎች ቆጠሩ፣ ቅድም የቆጠሯቸውን ተዉ። አደባባዩ ትዝታቸው ውስጥ ሙሉ ነው። የጠፋው ግራ ነው።

ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። ዓይን ጨፍነው ያሰቡት ነገር እንኳ ግራና ቀኝ አለው ማለት ነው።

መልስ 11 እና 12፦ አንዱ የመልስ 9 አባት ከየትኛው ናቸው ብሎ ጠየቀ። ልጁ አባቴ ጉድለታቸውን ያውቃሉ፣ ራሳቸውን እያዞሩ ያካክሳሉ አለ። እንግዲያውስ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ማወቃቸውም ትልቅ ነገር ነው ተባለ።

መልስ 13፦ መምጣቱ አይቀርም ነበር። የምትሽከረከረውን ዳንሰኛ፣ ያቺን ጥቁር ጥላ የሆነች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለጠፈ። ወደ ቀኝ ስትዞር ካያችኋት የቀኝ አንጎል ሰው፣ ፈጣሪና ስሜታዊ ናችሁ፤ ወደ ግራ ከሆነ የሒሳብና የሎጂክ ሰው። እሱ የቀኝ መሆኑንም ነገረን። ማንም አልጠየቀውም።

መልስ 14፦ ይህቺን ጥላ በ2003 የሠራት ኖቡዩኪ ካያሃራ የሚባል ጃፓናዊ ነው፣ የአንጎል ፈተና ብሎም አልሠራትም አለ። ጥቁር ጥላ ስለሆነች የትኛው እግር ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ የሚናገር ምልክት የላትም። አንጎል አንዱን ግምት ይይዛል፣ ሲሻው ይቀይራል። የግራ አንጎል ሰው፣ የቀኝ አንጎል ሰው የሚባለውን ደግሞ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎች የአንጎል ምስል ላይ ፈልገው በ2013 አላገኘንም ብለዋል። አንዳንድ ሥራዎች ወደ አንድ ወገን ያደላሉ። ሰውየው ግን በሙሉ ወደ አንድ ወገን አያደላም።

መልስ 15፦ 13 ተቆጣ። ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ከሆኑ ለምን ሁለት ሆኑ፣ እናንተ የሰው ደስታ መግደል ትወዳላችሁ አለ። ቁጣውን ትተን ጥያቄው ጥሩ ነበር።

መልስ 16፦ ጥያቄውን አክብሮ መለሰለት። ትልቅ ተ ሣሉ አለ፤ ግን መስመሩን በትናንሽ ሀ ደርድራችሁ ሥሩት። ከሩቅ ተ ነው፣ ከቅርብ ሀ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ናቮን በ1977 እንዲህ ያሉ ፊደላት ይዞ የጻፈው ሰው ጫካውን ከዛፎቹ ቀድሞ እንደሚያይ ነበር። ኋላ ሌሎች ሥዕሉን አንጎላቸው ለተጎዳ ሰዎች አሳይተው ከትዝታ እንዲሥሉት ጠየቁ። ቀኙ የተጎዳባቸው ትናንሾቹን ሀ ይበትናሉ፤ ተ አይወጣቸውም። ግራው የተጎዳባቸው ተ ይሥላሉ፤ ሀዎቹን ይረሳሉ። ቀኙ ለአጠቃላይ ቅርጽ፣ ግራው ለዝርዝር ያደላል የሚባለው ከዚህ ነው። የተጻፈ ቃል የሚለየው ቦታ በአብዛኛው ሰው ግራ ላይ ነው። ፊት የሚለየው በሁለቱም አለ፣ ቀኙ ግን ይበረታል። ያደላል የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ በደማቁ ጻፈው። 13 የሚሰማ አይመስልም ነበር።

መልስ 17 እስከ 21፦ ፊት የሚለው ቃል ክሩን ይዞት ጠፋ። አንዲት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ፊት መለየት አትችልም። እህቷን የምታውቃት በአረማመዷና በሳሏ ነው፤ ፀጉሯን የተቆረጠች ቀን አጠገቧ ቆማ ሌላ ሰው መስላት በትህትና ሰላም አለቻት። ከዚያ ስም የሚረሱ ተሰለፉ። ስም መርሳትና ፊት አለመለየት አንድ ነው አይደለም በሚለው አምስት መልስ ባከነ። አንዱ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛም ነገረን። አወያዩ ወደ ነገሩ ተመለሱ አለ።

መልስ 22፦ መለሰን። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች ያሉት ድልድይ ነው። በ1960ዎቹ ለከባድ የሚጥል በሽታ ሲባል ድልድዩ የተቆረጠላቸው ሰዎች ነበሩ። ሮጀር ስፔሪና ማይክል ጋዛኒጋ የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች አንድ ነጥብ ላይ ዓይናቸውን አስተከሉና በግራ በኩል ለቅጽበት የማንኪያ ሥዕል አበሩ። ቅጽበት የሆነው ዓይን ለመዞር ጊዜ እንዳያገኝ ነው። ምን አየህ? ምንም። ግራ እጅህን ከመጋረጃው ሥር አግባና ፈልግ ሲባል ግን እጁ በዳሰሳ ማንኪያውን ያወጣል። ማንኪያውን ያየው ቀኝ አንጎል ነው፤ የሚናገረው ግራው ነው፤ ወሬው የሚሻገርበት ድልድይ የለም። ስፔሪ በ1981 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ የሽልማቱን ሌላ ግማሽ የተካፈሉት ሁቤልና ዊዝል የእይታ ኮርቴክስን፣ ማለትም እይታን የሚያስተናግደውን የአንጎል ቅርፊት፣ ሕዋሳት ያጠኑ ነበሩ።

የአካፋው ታሪክ ግን ይበልጣል። ድልድዩ ከተቆረጠላቸው ለአንዱ፣ ለግራ አንጎሉ የዶሮ እግር፣ ለቀኙ በረዶ የሸፈነው ደጅ ታየ። ከተደረደሩት ሥዕሎች ቀኝ እጅ ዶሮ መረጠ፣ ግራ እጅ አካፋ። ለምን አካፋ? ሲባል በረዶውን ያላየው ተናጋሪው ግራ አንጎል አንድም ሳያመነታ የዶሮ ቤት ለመጥረግ ነዋ አለ። አላውቅም ማለት አልመጣለትም።

መልስ 23፦ እንግዲያው በአንድ ራስ ቅል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፣ አለቀ አለ።

መልስ 24፦ አላለቀም ተባለ። ያይር ፒንቶና ባልደረቦቹ በ2017 ድልድዩ የተቆረጠላቸው ሁለት ሰዎች ላይ የሠሩት አለ። ነገር መታየቱንና የት እንደታየ፣ በግራም በቀኝም ቢሆን፣ በአፍም በየትኛውም እጅ መመለስ ችለዋል። ያልቻሉት በግራ የታየውን በቀኝ ከታየው ጋር ማነጻጸር ነው። እይታው ተከፍሏል፣ ሰውየው ግን ያን ያህል አልተከፈለም።

መልስ 25፦ 23 ነው። ሁለት ሰው ብቻ አጥንቶ እንዲህ ማለት አይቻልም፣ አንተ ራስህ ያነበብከው አይገባህም አለ። 24 አንተስ በየትኛው ግማሽህ ነው የምትጽፈው ብሎ አርትዖት ጨመረ። አወያዩ ሁለቱንም ለአንድ ቀን አገዳቸው። እኔ ወደ 24 አደላለሁ፤ ግን ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ባይጽፋት ጥሩ ነበር።

መልስ 26፦ ዝም ብላ ስታነብ የቆየች ሰው ናት። ዓለም መሐል ለመሐል ተቆርጦ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ከሄደ፣ ስፌቱ የታለ? የሰው አፍንጫ ላይ ሳፈጥ ፊቱ ለሁለት ተከፍሎ አላየውም። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ነው።

መልስ 27፦ የእይታ ኮርቴክስን በድልድዩ የሚያገናኙት ክሮች ሥራ በዝቶባቸው የሚታየው በትክክል እዚያ መሐል መስመር ላይ ነው አለ። ግራ ጠርዝና ቀኝ ጠርዝ ወሬ የላቸውም፤ የሚጎራበቱት መሐል ላይ ብቻ ነው። ደግሞ አንጎል የጎደለውን እንደ ጎደለ አያሳይም። ወረቀት ላይ መስቀል ሣሉ፣ ከእሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲሜትር ርቃችሁ ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በቀኙ መስቀሉን እያያችሁ ወረቀቱን በ30 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። ነጥቡ ይጠፋል፤ በቦታው ቀዳዳ ሳይሆን ነጭ ወረቀት ታያላችሁ። የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ የለውም። ዕድሜያችሁን ሙሉ እዚያ ነበር። ሞከርኩት። ነጥቡን ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

መልስ 28፦ ለ20 ዓመት ማይግሬን ያለባት ሴት ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መለሰችን። መጋዙ በኮርቴክስ ላይ የሚሄድ ማዕበል ነው። በማዕበሉ ፊት ያሉት ሕዋሳት ይንጫጫሉ፤ እሱ ብልጭታው ነው። ከኋላው ጸጥ ይላሉ፤ እሱ የጠፋው ፊደል ነው። ካርል ላሽሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የራሱን መጋዝ እየሣለ በ1941 ፍጥነቱን አሰላው፤ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ። በ1944 ብራዚላዊው ሊያዎ በጥንቸል አንጎል ላይ እንዲሁ የሚያዘግም ማዕበል አገኘ። በሚቀጥለው ጊዜ ተኛ፣ ግን እርሳስና ሰዓት ይዘህ ተኛ አለችኝ።

መልስ 29፦ እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣልኝ። ወረቀት መሐል ላይ ነጥብ አድርጌ እሱን እያየሁ በየአራት ደቂቃው መጋዙ የደረሰበትን ሣልኩ። አምስት ቅስት፣ አንዱ ከሌላው በስተግራ፣ እየተለቀ የሚሄድ። መስመሬ ይንቀጠቀጣል። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት።

መልስ 30፦ መልስ 1 ነው፤ መለያ ስሙን ርግብ ብሎ ቀይሮ መጣ። ሥዕሌን በማስመሪያ ለክቶታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅስቶች መካከል ያለው ጠባብ ነው፣ በመጨረሻዎቹ መካከል ያለው ግን የዚያ ብዙ እጥፍ። ማዕበሉ እኩል ከሄደ ሰዓትህን ተሳስተሃል ማለት ነው አለ።

መልስ 31፦ 28 ሰዓቱ ልክ ነው አለችው። ኮርቴክሱ ለእይታ መሐል የሰጠው ቦታ እጅግ ሰፊ ነው፣ ለጠርዙ ጠባብ። 3 ሚሊሜትሩ ያው 3 ሚሊሜትር ነው፤ መሐል ላይ አንድ ፊደል ይሸፍናል፣ ጠርዝ ላይ ሙሉ በር። ርግብ ላይክ አደረገላት፤ ቀጥሎ የርግብስ እንዴት ነው ብሎ አዲስ ክር ከፈተ።